የኋላ ጎማው ታኮ

አዛውንቱ ሾፌር «ሙሽራዬ» እያሉ በሚያቆላምጧት አሮጌ የጭነት መኪና ስር ሞተው ተገኙ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከየብረት ክምሩ ለቅመው ያደሷቸው አራት ከባድ መኪኖች ጋራዡ ውስጥ ተደርድረዋል፤ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚሳሱላት ግን ይህች፣ ሠላሳ ዓመት የነዷት ነበረች። እሷ ናት በተዳፋቱ ወለል ላይ ወደ ኋላ ተንሸራታ ደረታቸው ላይ የወጣችው።

አስከሬኑን ያገኘው አንድያ ልጃቸው፣ መምህሩ ነው። በዋዜማው «እነዚህን ብረቶች ሽጣቸውና አርፈህ ተቀመጥ» እያለ ከአባቱ ጋር ሲጯጯህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ የሰው ዓይን እሱ ላይ ነበር። አባቱን አጥቶ ማልቀስ ሲገባው ሌላ ፍርሃት ያዘው።

የፖሊስ መርማሪዋ ማንንም ከመጠየቋ በፊት ተንበርክካ ወለሉ ላይ የተበተነውን ሰጋቱራ ስታይ ቆየች።

«ይህን ማን በተነው?»

«እኔ» አለ የጋራዡ መካኒክ። «ዘይት ፈሶ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ በትኜ ብረት ላስቀርጽ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። እስከ አምስት ሰዓት እዚያው ነበርኩ፤ ጠይቂያቸው።»

«ታኮውስ?» ጎማ ስር የሚሸጎጠው እንጨት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«እኔንም ግራ ያጋባኝ እሱ ነው! ሽማግሌው ታኮ ሳይገባ ስር አይተኙም። እኔ ባስገባው እንኳ ዞረው ሦስቴ በእርግጫ ካልመቱት አያምኑም። ‹ያንተ ታኮ እንደ ወሬህ ልል ነው› ይሉኛል።»

«እርስዎንስ ያምኑዎት ነበር?» ብላ ወደ መምህሩ ዞረች።

«እኔንማ ጭራሽ! ‹ያንተ እጅ የለመደው ጠመኔ ነው› ነበር የሚለኝ።»

ሦስተኛው ሰው የድሮው ረዳት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ከአዛውንቱ ጎን ተቀምጠው አገር ያቋረጡ፣ መምህሩንም በትከሻቸው ተሸክመው ያሳደጉ። ግራ እጃቸው ሁለት ጣት ይጎድለዋል። መርማሪዋ የት እንደነበሩ ስትጠይቃቸው በሩ ላይ እንደቆሙ መለሱ።

«ከሁለት ሰዓት ጀምሮ መለዋወጫ ፍለጋ ስዞር ነበር» አሉ። ቀጥለውም ዓይናቸውን ከመምህሩ አሸሹና «ትናንት ግን ልጁ ክፉ ቃል ተናግሮታል። መደበቅ ደግ አይደለም» ሲሉ ጨመሩ።

መምህሩ ክው አለ። ጋሼ የሚላቸው ረዳት እንዲህ ይላሉ ብሎ በሕልሙም አላሰበም።

መርማሪዋ የመኪናዋን በር አየች። ለሚቀጥለው ሳምንት የአሮጌ መኪኖች ኤግዚቢሽን የተለጠፈ አዲስ የነሐስ ሰሌዳ አለ። «ፍሬኗ በተበጠሰበት ቁልቁለት ብቻውን ያቆማት ሾፌር» ይላል።

«እውነት ብቻቸውን ነበሩ?»

መካኒኩ ፈገግ አለ። «ያንን ታሪክ ስንቴ ሰምተነዋል! ድሮ ሲያወሩት ዘሎ ወርዶ ታኮውን የሚያስገባው ረዳቱ ነበር። ኋላ ረዳቱ ከወሬው ወጣ።»

ረዳቱ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

መርማሪዋ ሦስቱንም በሩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«አዛውንቱ የተኙት ፍሬን ሊያስተካክሉ ነው» አለች። «ፍሬኑ ሲላላ መኪናዋን የሚይዛት ታኮው ብቻ ነው። የሳቸው ዱካ ከመሣሪያ ሳጥኑ ተነስቶ ቀጥታ ወደ ፊት ጎማው ሄዷል። ወደ ኋላ ዞረው አላዩም። አንድ ሰው ‹ገብቷል› ብሏቸው አምነዋል ማለት ነው። መካኒኩን አያምኑም፤ ልጃቸውንም አያምኑም።»

መምህሩ ቀስ ብሎ ወደ ረዳቱ ዞረ።

«ከኋላ ጎማው አጠገብ ሌላ ዱካ አለ። ታኮ የሚያስገባ ሰው ይንበረከካል፤ የጉልበት ምልክት ግን የለም። ሰውየው ቆሞ ተጣርቶ ብቻ ሄዷል። አባት፣ ሰጋቱራው የተበተነው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እርስዎ ሁለት ሰዓት ወጣሁ ብለዋል፤ ከተመለሱም ወዲህ ይህን በር አላለፉም። ታዲያ በሱሪዎ እጥፋት ውስጥ ያለው ሰጋቱራ ከየት መጣ?»

ረዳቱ ሱሪያቸውን አላዩም። ግድግዳውን ተደግፈው ቁጢጥ አሉ።

«ሠላሳ ዓመት ‹ገብቷል› ስለው ይተኛል» አሉ። «ነፍሱን ይሰጠኛል። ስሜን ግን አልሰጠኝም። እነዚህን ጣቶች ያስቀረሁት እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው። ስሜን አብረህ ጻፍልኝ አልኩት። ‹ረዳት መች ይጻፋል?› ብሎ ሳቀብኝ። ዛሬ ትንሽ ቢጠራጠረኝ፣ ዞሮ ቢያይ ምን ነበረበት? አልዞረም።»

«እኔንስ፣ ጋሼ?» አለ መምህሩ። «እኔን ቢወስዱኝ ዝም ልትል ነበር?»

ረዳቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መምህሩን ከአባቱ ሞት እኩል ያንገበገበው ይህ ነው።

ካቴና ሲጠለቅላቸው ቀና ብለው መምህሩን አዩት።

«ልጄ…»

«ልጄ አትበለኝ» አለ መምህሩ። «አባቴ ሞቷል።»