ውሃ የሌለበት ብርሃን

ቴክኒሻኑ ደስታው በተራራው የከዋክብት መመልከቻ፣ በመሣሪያው ክፍል ወለል ላይ፣ ከማቀዝቀዣው በርሜል አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ደም የለ፣ ቁስል የለ። ኢንስፔክተር ውባንቺ ከወረታ ተነሥታ ተራራው ላይ ስትደርስ ጫማዋን ጭቃ ውጦት ነበር። ከታች የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ያንጸባርቃል፤ ሩዙ ገና አልደረሰም።

ትሕትና በሩን ተደግፋለች። ከአሥራ አራት ዓመት የጀርመን ኑሮ የተመለሰችው ለዚህ መሣሪያ ነው፤ ትልቁ ቴሌስኮፕ ከኮከብ የሚቀበለውን፣ ዓይን የማያየውን የሙቀት ብርሃን በታትኖ ለሚያነብ ስፔክትሮግራፍ። ጠዋት ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሞላችበት እሷ ነች። ከዚያ ዕቃ ልታመጣ ወረታ ወረደች። ቧንቧውን ዘግታው ነበር? እጇ ሲዘጋ ይታያታል፤ ወዲያው ደግሞ አይታያትም።

«ምን ገደለው?» አለች ውባንቺ።

«ናይትሮጅኑ። ሲተን ክፍሉን ይሞላና የምንተነፍሰውን አየር ገፍቶ ያስወጣዋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው።»

«መውጫ የለውም?»

ነበረው። ግን የሩዝ ጭድ በሞላበት ጆንያ ተወትፏል። የክፍሉ አየር ሲያንስ የሚጮኸው የአደጋ ደወልም ከኤሌክትሪኩ ተነቅሏል።

«ጆንያውስ የኔው ነው፤ እተኛበታለሁ» አሉ ዘበኛው አያ ማናዬ። «ማን እንደወሰደው እግዜር ይወቅ።»

«ደወሉንስ ያውቁታል፣ አያ?»

«ያን ጯሂ? በየሰዓቱ ጢጥ ይል ነበር። ዛሬ ዝም ሲል ተመስገን አልሁ!»

ኃላፊው ዶክተር አሸናፊ ከረባቱን እያስተካከለ መጣ። «ኢንስፔክተር፣ ነገሩ የትሕትና ቸልተኝነት ነው። ነገ መሣሪያውን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ። ጥፋቴ ነው ብላ ትፈርምና ነገሩ ይለቅ። ደግሞ ሥራው ተሳክቷል፤ ይኸው!»

በጎረቤቱ ክፍል ባለው ኮምፒዩተር ላይ የመሣሪያው የሙከራ መብራት ብርሃን እንደ አንድ ረጅም መስመር ተዘርግቷል፤ እንከን የለበትም።

«ማን ነው ያነሣው?»

«እኔ ራሴ። ዛሬ ጠዋት፣ ደስታው ከመግባቱ በፊት።»

ትሕትና ወደ ምስሉ ጠጋ ብላ ደርቃ ቀረች። ውባንቺ አየቻት።

«ምነው?»

«ጥቁሮቹ መስመሮች የሉም። የአየሩ እርጥበት ነው የሚያመጣቸው። ሳምንቱን ሙሉ ያሰቃዩን እነሱ ናቸው።»

ውባንቺ ሦስቱንም አስቀመጠቻቸው።

«የሙከራው መብራት በክፍሉ አየር አልፎ ነው መሣሪያው ውስጥ የሚገባው?»

«አዎ» አለች ትሕትና።

«ጫማዬን እዩልኝ። አገሩ ሁሉ ውሃ ነው። ታዲያ የዛሬው ምስል ላይ ውሃው የት ሄደ? እርጥቡን አየር ናይትሮጅን ገፍቶ አስወጥቶታል። ምስሉ ሲነሣ ክፍሉ በጋዝ ሞልቶ ነበር ማለት ነው። ቧንቧ የረሳ ሰው መውጫ አይወትፍም፤ ደወልም አይነቅልም። መስመሮቹ እንዲጠፉ ክፍሉን ማድረቅ የፈለገ ሰው ግን ቧንቧውን ከፍቶ ሁለቱንም ያደርጋል። ትሕትና ምስሉን ስታይ ደነገጠች። እርስዎ ግን፣ ዶክተር፣ ሳምንቱን ሙሉ ያዩት መስመር ድንገት ሲጠፋ ምንም አልገረመዎትም።»

አሸናፊ ከረባቱን ፈታ። «ልገድለው አልነበረም! ምስሉን እንዳነሣሁ ክፍሉን ላናፍሰው ነበር። በዚህ መሃል ስለ እንግዶቹ ስልክ ተደወለ… ረሳሁ። እሱ መግባቱንም አላየሁም።»

«ሞቶ ካገኛችሁት በኋላስ? እሷ ትፈርም ሲሉ አልረሱም።»

አሸናፊ ወደ ትሕትና ዞረ። «ይህ ከወጣ ቴሌስኮፑ ይዘጋል። የጀርመን ኑሮሽን ትተሽ የመጣሽለት! ቧንቧ ረሳሁ ብትዪ እኮ ቀላል ቅጣት ነው።»

ትሕትና ጠዋት የዘጋችው እጇ አሁን ጥርት ብሎ ታያት።

«ዘግቸዋለሁ» አለች። «ቴሌስኮፑም ይዘጋ።»

ተነሥታ ወደ መሣሪያው ክፍል ሄደች። በሩን በርግዳ ከፈተችው፤ የሜዳው እርጥብ ነፋስ ገባ። የሙከራውን መብራት አብርታ ተመለሰችና አዲስ ምስል አነሣች። ብርሃኑ ላይ ጥቁር መስመሮች እንደ መሬት ስንጥቅ ተደረደሩ።

«ነገ ለእንግዶቹ የምናሳየው ይህን ነው።»

አያ ማናዬ አንገታቸውን አስግገው አዩት። «ይህንማ ቢስቁበትስ፣ ልጄ?»

«ይሳቁ። ደስታው ያጣው አየር ይህ ነው።»