ሦስት ሰው ያላነሳው እንስራ

እኔ ስለ መንፈስ ሲወራ «ሥራ ፈት ሁላ» ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ አናጺ ነኝ፣ የማምነው ሜትሬንና ውሃ ልኬን ነው፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ ላስፈራራህ እንዳይመስልህ፣ የደረሰብኝን ነው የምነግርህ።

ከሞላሌ ወጣ ብሎ የመጠጥ ውሃ ግድብ ሲሠራ ካሳፎርማ እመታ ነበር፣ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር አቅፎ የሚይዘውን ጣውላ ማለቴ ነው። ሥራውን የወደድኩት ለደሞዙ ብቻ አይደለም፣ እናቴ ከዚያው ሸለቆ ውሃ ስትቀዳ ኖራ ጀርባዋ ጎብጧል፣ በሕይወት እያለች ቧንቧ ደጇ ሲደርስ ማየት ነበር ጉጉቴ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ነው፣ የመንዝን ጉም ታውቀው እንደሆነ አጠገብህ ያለውን ሰው ይሰውርብሃል። ከጌታነህና ከሽፈራው ጋር መወጣጫው ላይ ሆነን ኮንክሪት እንሞላለን፣ ሙሌት ደግሞ አንዴ ከተጀመረ አይቆምም፣ ከቆመ አዲሱ ከአሮጌው ሳይያያዝ ይቀርና ኋላ ውሃ ያሾልካል። የኮንክሪት ማቡኪያው ማሽን ነዳጅ ጨርሶ ዝም ሲል ከታች ውሃ በቅል ሲቀዳ የሚሰማው ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ አንዲት አሮጊት «ልጆቼ፣ እባካችሁ አሸክሙኝ» አሉ።

በእኛ አገር ውሃ ቀድታ «አሸክሙኝ» ያለችን ሴት ማንም ሰምቶ አያልፍም፣ ለቅሶ እንኳ ቢሄድ። በሆዴ እየተራገምኩ ሽፈራውን ላክሁት፣ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ደርቦ የሚሸከም ጎረምሳ ነው።

«ጌታነህ፣ እስቲ ና፣ ከበደኝ» አለ ከጉሙ ውስጥ። ሳቅሁበት። ጌታነህ ወረደ፣ ጥቂት ቆይቶ እሱም «አንተም ውረድ፣ ለሁለት አይነሳም» አለኝ።

ተናድጄ ወረድኩ። ባና የደረቡ አሮጊት ጀርባቸውን ሰጥተውን ቁጢጥ ብለዋል፣ ማዘያ ገመዳቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፣ ከኋላቸው የሸክላ እንስራ አለ። ዛሬ ሁሉ ሰው በቢጫ ጀሪካን እንደሚቀዳ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

«እማማ፣ ምን ሞልተውበት ነው?»

«ውሃ ነው ልጄ፣ ሌላ ምን አለን» አሉ ሳይዞሩ።

ለሦስት ያዝነው፣ ከመሬት ትንሽ ለቀቅ ሲል ቀዝቃዛ ውሃ በእጅጌዬ ገባ፣ ያን ጊዜ ከበላያችን አንድ ነገር ተንጓጓ። ካሳፎርማው ተከፍቶ፣ ኮንክሪቱ መወጣጫውን ይዞት ወረደ፣ እኛ ቅድም ቆመንባት የነበረችው ጣውላ ከሥሩ ገባች። እንስራውን ለቀን ሮጥን።

ግርግሩ ሲበርድ ተመልሰን ፈለግናቸው፣ እመነኝ፣ እሳቸውም እንስራውም የሉም፣ ገል እንኳ የለም፣ የሦስታችንም እጅጌ ግን ርሷል። ቦታው ደግሞ የድሮው ምንጭ ነው፣ መሠረት ሲጣል በድንጋይ የደፈንነው እኛው ነን።

ግድቡ አለቀ፣ ቧንቧው እናቴ ደጅ ገባ፣ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ፈጣሪዬንም እኚያን እናትም ሳላመሰግን አልውልም፣ ሦስታችንም ልጆቻችንን ያሳደግነው በዚያች ቀን ምሕረት ነው። ታሪኩን ለእናቴ ስነግራት ብዙ አለቀሰች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠራረገችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ አሸከማችኋቸው?»

ያ ቦታ አሁን በውሃ ተሸፍኗል፣ እሳቸው ግን ገመዳቸውን ይዘው፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ እየጠበቁን ይመስለኛል።