ያልሳሳው ጎን

«ዜሮ ብለሽ ጻፊና እንሂድ ባክሽ!» አለች ሬዲዮ። ስሟ ሌላ ነው፤ አፏ ስለማይዘጋ ነው ሬዲዮ የተባለችው። «በዚያ ጨለማ ጥድ ሥር ምን ሊበቅል? እኔ ለቲቸር የሁለቱንም ጎን ቡቃያ ቆጥረናል ብዬዋለሁ።»

«መቼ?» አለች ቀጮ።

«ጠዋት። ደስ አለው እኮ!»

ቀጮ የሚቆጠረውን ቦታ የሚከልሉበትን ገመድ በእጇ ጠቀለለች። የቆሙት የተተከለውን የጥድ ደን ለሁለት በሚከፍለው መንገድ ላይ ነው። በስተቀኝ ያለው ጥድ ሳስቷል፤ ሠራተኞች መሃል መሃሉን ቆርጠው ለቀረው ቦታ ስለሰጡት ብርሃን መሬት ደርሷል፣ ሣሩና የዱር እንጆሪው ጉልበት ያህላል። እሱን ቆጥረው ጨርሰዋል። የግራው ግን አልሳሳም። ሥራው በተጀመረበት ቀን የቀጮ አባት ዛፍ ወደቀበትና ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ መጋዝ ይዞ የገባ የለም። ሰዎች ግን እስከ ዛሬ የመጋዝ ድምፅ እንሰማለን ይላሉ።

«ማሳሳት» የሚለው ቃል ራሱ ቀጮን ያስፈራታል። ትንሽ ሳለች «አባትሽ ሥራው ምንድን ነው?» ሲሏት «ማሳሳት!» ትል ነበር። ሰው የሚያሳስት አስመስላው ሰፈሩ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። አባቷም ወዶት ቀረ፤ ጠዋት ጫማውን እያሠረ «ልሂድና ዛፎቹን ላሳስታቸው» ይላት ነበር። በለቅሶው ቀን አንድ ጎረቤት «ወደ ቁልቁለቱ ይወድቃል ሲል ወደ ጎን ዞረበት። ዛፉ አሳሳተው» ሲል ሰማች። ከዚያ በኋላ ቀልዱ ቤታቸው ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም። እናቷም በዚህ መንገድ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች።

«እገባለሁ» አለች ቀጮ።

«አበድሽ እንዴ? እኔ ሞቼ ነው የምገባው! እዚሁ ሆኜ አወራለሁ፣ አንቺ ድምፄን እየሰማሽ ሂጂ።»

ጥቂት እንደገባች የሬዲዮ ድምፅ ጠፋ። የረገፈው የጥድ ቅጠል የራሷን ኮቴ እንኳ ዋጠው። ወፍ የለም። ከኋላዋ የሚያያት ሰው ያለ መሰላትና ዞር ስትል ግንድ ብቻ ነው። ከዚያ ቤንዚንና ሙጫ ሸተታት፤ የአባቷ ጃኬት ሽታ። ጃኬቱ ለሰው ከተሰጠ ቆይቷል።

«አባዬ?» አለች ሳታስበው።

መልስ ቢመጣ እግሬ አውጪኝ ትል ነበር። ባለመምጣቱ ደግሞ አለቀሰች።

ቲቸር እንዳስተማራቸው፣ ዓይን የወደደውን እንዳይመርጥ ጀርባዋን ሰጥታ ድንጋይ ወረወረች። ገመዱ የሚዘረጋው ድንጋዩ የወደቀበት ላይ ነው። ልትፈልገው ስትሄድ ከድንጋዩ ባሻገር ብርሃን አየች።

ጉቶዎች ናቸው፤ አባቷ የዚያን ቀን ጠዋት የቆረጣቸው። በላያቸው ሰማይ ተከፍቷል። በዙሪያቸው ባለ ሦስት ቅጠሉ ማገጥ፣ የዱር እንጆሪና ስማቸውን የማታውቃቸው ቡቃያዎች መሬቱን ሞልተውታል። ዘራቸው እዚያው ተቀብሮ ብርሃን ሲጠብቅ ኖሯል ማለት ነው። ሳሳችላቸው። አንዱንም ላለመርገጥ በእግር ጣቷ እየቆመች ገመዱን ዘረጋችና መቁጠር ጀመረች። ይህን ቡቃያ ክፍሉ ሁሉ ይስማ! ድንጋዩ እዚህ እንዳልወደቀ ማን ያውቃል?

እጇ መሃል ላይ ቆመ። ይሄ እኮ ያልሳሳው ጎን አይደለም፤ አባዬ ያሳሳው ነው። «ያልሳሳ» ብላ ብትጽፈው፣ ዛፍ ቢሳሳም ባይሳሳም ለውጥ የለውም ማለቷ ነው። አባቷ የሞተበትን ሥራ በገዛ እጇ ከንቱ ልታደርገው ነው።

ገመዱን ሰብስባ ወደ ድንጋዩ ተመለሰች። እዚያ ዘርግታው ተንበርክካ ቡናማውን ቅጠል በጣቷ እየገለጠች ቡቃያ ፈለገች። ምንም የለም።

መንገዱ ላይ ስትወጣ ሬዲዮ ሮጣ አቀፈቻት። «ስንት ሆነ?»

«ዜሮ።»

«አላልኩሽም?»

«ብለሻል። ግን አልቆጠርሽም። ነገ ለቲቸር ሳንቆጥር ቆጥረናል እንዳልሽው አንቺው ትነግሪዋለሽ።»

ሬዲዮ ልትከራከር አፏን ከፈተችና የጓደኛዋን ዓይን አይታ ተወችው። «እሺ» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ወዴት ነሽ?»

«እማዬን ልጠራት። የማሳያት ነገር አለ» አለች ቀጮ፤ ሳይመሽ ለመድረስ እርምጃዋን ፈጠን አደረገች።