የሮይስተን ካልመር የመጨረሻ መንጠቆ

የሮይስተን ካልመር ሬሳ የተገኘው ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ማንግሮቭ በሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ ሥሮች ተይዞ ነበር። የማጥመጃ ዘንጉም እዚያው ተጠላልፏል። ማጅራቱ ላይ የጣቶች ሰንበር ይታያል። ውሃው ሞቃት በመሆኑ ሐኪሙ የሞተበትን ሰዓት መለየት አልቻለም፤ የደቡብ አንድሮስ ደሴት ሰው ግን በራሱ ወስኗል። ሰው የሚያሰጥም ውሃ የሚኖረው ባሕሩ ሲሞላ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ምስክር ያልነበረው ደግሞ በዓሣ አጥማጆች ማረፊያ ሎጁ የሟቹ ሸሪክ የሆነው ዌንዴል ብቻ ነው።

በማግስቱ ከዋና ከተማዋ ከናሶ የመጣችው ኢንስፔክተር ኦሪሊያ ሞክሲ ከእሱ ጀመረች።

«ስድስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ከንጋት እስከ አራት ሰዓት ወደብ ላይ ከአሥር ሰው ጋር ጭነት ሳወርድ ደክሞኝ ነበር። ምስክር አምጣ ካልሽኝ ትራሴን ነው የማመጣው።»

«እሁድ ዕለት ግን አሰጥምሃለሁ ብለኸዋል።»

«እኔ በሳምንት አንዴ በአፌ ሰው ካላሰጠምኩ ምሳ አይበላልኝም!»

የሟቹ ሚስት ሊዮታ ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ገና ሳይነጋ ከሴቶቹ ጋር ዳቦ ልጋግር ስነሳ አልጋው ባዶ ነው» አለች። «የቅርብ መነጽሩን እንኳ ትቶ ወጥቷል።»

«ያለ መነጽር መንጠቆ ያስራል?»

«እሱ? የሚያስሩለት መሪዎቹ ናቸው።»

እንግዶችን ወደ ዓሣው ከሚመሩት ሁሉ አንጋፋው ኢራስመስ ነው። ልጁ ከርሚት ከአራት ዓመት በፊት የጀልባው ሞተር በተከለከለ መረብ ተይዞ ሰጥሟል። የመረቡ ባለቤት አልታወቀም።

«ሙላቱን ጠብቄ እወጣለሁ ብሎኝ ነበር» አለ። «እኔ ያኔ ሦስት እንግዶች ይዤ ነበር፤ ጠይቂያቸው፣ ልጄ።»

«ሲነጋስ፣ አጎቴ ኢራስመስ?»

«ውሃውን ሳይ። እንደ ሁልጊዜው ብቻዬን።»

ኦሪሊያ ከሟቹ ዘንግ ላይ የተንጠለጠለውን ባለ ላባ መንጠቆ በመዳፏ አስቀምጣ ክብደቱን ለካች። ከዚያ ሦስቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበች።

«እዚህ የሚጠመደው ቦንፊሽ ፈሪ ዓሣ ነው» አለች። «ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ከባድ መንጠቆ ጠብ ካለ ነፍሱን ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ መሪ ለቁርጭምጭሚት ውሃ ቀላሉን፣ ለወገብ ውሃ የእርሳስ ክብደት ያለበትን ያስራል። ይሄኛው እርሳስ የለውም። ስድስት ሰዓት ላይ ቢጣል ኖሮ ወለሉን ሳይነካ ተንሳፍፎ ይቀር ነበር። የታሰረው ባሕሩ ጎድሎ ሳለ ነው፤ ማለትም ከሙላቱ ስድስት ሰዓት ቀድሞ፣ ሲነጋ። ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ደግሞ፣ ካልያዙት በቀር ሰው አይሰጥምም።»

መንጠቆውን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ሮይስተን መነጽር አልያዘም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው አስሮለታል። ሲነጋ ዌንዴል ወደብ ላይ ነው፤ ሊዮታ ምድጃ ላይ። የሎጁ ሌሎች መሪዎች፣ ሁለቱ ወጣቶች፣ ከሰኞ ጀምሮ ናሶ ናቸው። የቀረው አንድ እጅ ነው።»

ኢራስመስ እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

«ልገድለው ይዤው ወጥቼ ለውሃው የሚሆነውን አሰርኩለት! ሃምሳ ዓመት የለመደ እጅ ምን ይደረጋል?» አለ። «ዓሣው እግርህ ሥር ነው አልኩት። ጎንበስ ሲል ያዝኩት። የከርሚትን ስም ሦስት ጊዜ ነገርኩት፤ ሦስተኛውን የሰማ አይመስለኝም።»

«ዌንዴልስ?»

«የሙላቱን ወሬ የፈጠርኩት እሱን ሕግ እንዲይዝልኝ ነበር። ያን መረብ ከሮይስተን ጋር የዘረጉት አብረው ነው። ፍርድ ቤት ቀርበው አላየንም ብለው የማሉትም አብረው ነው።»

ዌንዴል ብድግ አለ። «የሽማግሌ ቅዠት! ነጻ ነኝ አይደል? ልሂድ።»

«ከርሚት በሰጠመ ማግስት መረቡን የጠገንኩት እኔ ነኝ» አለች ሊዮታ ድንገት። «ሞተሩ የበጠሰውን ቀዳዳ። ክሩን ያቀበልከኝ አንተ ነህ፣ ዌንዴል።»

«ቁጭ በል» አለች ኦሪሊያ። «የጨረስነው የአንዱን ሞት ብቻ ነው።»

«እኔን ለመውሰድ አትቸኩይ፣ ልጄ» አለ ኢራስመስ፣ ወንበሩን ወደ ዌንዴል እየጎተተ። «ይሄን ሳልሰማ ንቅንቅ አልልም።»