ያመለጠው አረንጓዴ

የላውንደሪው ሠራተኞች ሹፌራቸውን «ፍሬን» ነበር የሚሉት። ቢጫ ሲበራ ሌላው ሹፌር ነዳጅ ይረግጣል፤ እሱ ይቆማል። ሲቆምም ከዜብራው አንድ ክንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው። ማርሹን ዜሮ ያደርጋል፣ የእጅ ፍሬኑን ይስባል፣ እጁን ጭኑ ላይ ያሳርፋል። ፊቱ ያለው መኪና አረንጓዴ በርቶለት ቢያንቀላፋ እንኳ ክላክስ አይነካም፤ መብራቱን አንዴ ብልጭ ያደርግና ይጠብቃል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎኑ የቆመ መኪና ውስጥ አያይም። መንዳት ያስተማረው አጎቱ፣ «ቀይ መብራት ላይ የሰው ጋቢና ማየት በመስኮት የሰው ቤት እንደ ማየት ነው» ብሎት ነበር። ዓይን አፋር ስለሆነ ይህ ሕግ ከሁሉም ቀለለው።

ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሆቴሎችን አንሶላና ፎጣ ጭኖ ትልቁ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይደርሳል። እዚያ ቀዩ ዘጠና ሰከንድ ይቆያል። በግራው በኩል ብዙ ጊዜ ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ ይቆማል። ሲቆም ፍሬኑ «ፍስስ» ብሎ ይተነፍሳል፤ ከጋቢናው ደግሞ የሴት ድምፅ ዝቅ ብሎ ያንጎራጉራል። ፍሬን አራት ወር ሙሉ ድምፁን ሰማ እንጂ የድምፁን ባለቤት ቀና ብሎ አላያትም።

አብረውት የሚሄዱት፣ አንሶላ ቆጥረው የሚያስረክቡት ሴትዮ ግን ያያሉ። በዕድሜ እናቱን ይበልጣሉ፤ «እትዬ» ይላቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ ቆንጆ እኮ ናት!» አሉት አንድ ቀን፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

«እትዬ፣ እባክዎ! መስኮቱ ክፍት ነው።»

«ክፍት ይሁና! ሰደብኳት እንዴ?»

የፍሬን ፊት በርበሬ መሰለ። ከላይ፣ ከቦቴው፣ ሳቅ ሲወርድ ሰማ።

በዚያው ሳምንት፣ ዝናብ በሚጥልበት ጠዋት፣ አረንጓዴው ሲበራ የፍሬን መኪና ሞተር ጠፋ። ቁልፉን አዞረ፤ እምቢ አለ። ደግሞ አዞረ። ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ክላክሳቸውን ለቀቁት። «ተኝተሃል እንዴ!» የሚል ድምፅም ተጨመረበት። ላብ አጠመቀው።

የዚያን ቀን ቦቴው የቆመው ከኋላው ነበር። ሹፌሯ አራቱንም ፍሬቻ አበራች፤ መኪናዋን አስግጋ የፍሬንን መኪና ከለለችለት፤ ከዚያ በቦት ጫማዋ ዘላ ወረደችና ወደ ሰልፉ ዞረች።

«ክላክስ ሞተር የሚያስነሳ ከሆነ ቀጥሉ! ካልሆነ በዚያኛው መስመር እለፉ!»

ጸጥ አሉ። እሷ ወደ ጋቢናው ቀረበች። «ውረድ፣ አብረን ወደ ዳር እንግፋው። እትዬ፣ እርስዎ መሪ ይያዙ።»

«እኔ? ነድቼ የማውቀው የልጅ ጋሪ ነው!»

«ከልጅ ጋሪ ይቀላል፤ ይኼ አያለቅስም።»

ጎን ለጎን ሆነው ገፉ። ፍሬን አሁን ማየት ግድ ሆነበት። ፊቷ በዝናብ ርሷል፤ ግንባሯ ላይ የግሪስ ጭረት አለ።

«አራት ወር ጎኔ ቆመህ አንድ ቀን ዞር ያላልከው ሰው አንተ ነህ አይደል?» አለችው፣ እየገፋች።

«ንቄሽ አይደለም» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«አውቃለሁ። ቦቴ የምትነዳ ሴት ሲያዩ አንገታቸው እስኪጣመም ያፈጡብኛል። አንዱማ እኔን ሲያይ የፊቱን መኪና ገጭቷል። እንደ ማንኛውም ሹፌር የተውከኝ አንተ ብቻ ነህ።»

አጎንብሶ መግፋቱን ቀጠለ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀይ ሲበራ መስኮቱን ዝቅ ማድረግ ጀመረ።

በዘጠና ሰከንድ ምን ይወራል? ብዙ ይወራል። ቦቴው የታላቅ ወንድሟ እንደሆነ ነገረችው፤ ወንድሟ ሃያ ዓመት ከነዳ በኋላ ጉልበቱ ተሰብሮ ቤት እንደቀረ፣ እሷ እንደተካችው። እሱም ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳልተማረ ነገራት። አረንጓዴው ወሬያቸውን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። በማግስቱ ቀዩ ሲበራ ከላይ አንገቷን አውጥታ፣ «እና?» ትላለች፤ እሱ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ አብረው ዝናቡን ያያሉ።

አንድ ዓርብ እንዲህ ሆነ።

«እሁድ ምን ታደርጋለህ?» አለችው።

«ምንም። ሰኞን እጠብቃለሁ።»

ሳይታወቀው ነው ያመለጠው። ዓይኑን ሰበር አደረገ፤ መልሶ ቀና ሲል እሷ አሁንም እያየችው ነበር። እሱም አያት። ለምን ያህል ጊዜ እንደተያዩ አያውቁም። ከእንቅልፍ እንደነቁ ሁሉ የክላክስ ውካታ ጆሯቸው ውስጥ ሲገባ፣ ወደ ላይ ቢያዩ መብራቱ ቀይ ነው።

«አረንጓዴው መጣ፣ ሄደም» አሉ እትዬ፣ ፎጣ እያጠፉ። «እኔም አየሁት፣ አገሩም አየው። እናንተ ብቻ አላያችሁትም።»

በሁለቱም መስመር የተሰለፈው መኪና በነሱ ምክንያት ሙሉ አረንጓዴ አምልጦታል። ለሌላ ሹፌር ይህ ተራ ነገር ነው፤ ለፍሬን ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይሻለው ነበር።

ወሬ እግር የለውም፣ ግን ይሮጣል። ሰኞ ጠዋት ቦቴው ሲመጣ የሚነዳው አንድ ጺማም ሰውዬ ነበር። ዜብራው ላይ ወጥቶ ቆመ፤ አረንጓዴው ሳይበራ ክላክሱን አንጫጫው።

ፍሬን ሦስት ቀን ቦቴውን እያየ አለፈ። በአራተኛው ቀን በመስኮቱ ጠየቀ። «የበፊቷ ሹፌር የት ሄደች?»

«ወንድሟ ቁልፍ ነጥቋት ቤት ተቀምጣለች። መንገድ ዘግታ ከወንድ ጋር ስታወራ ታየች ብለው።» ጺማሙ ወደ ታች ዘልቆ አየው። «አንተ ነህ እንዴ?»

እትዬ ቀኑን ሙሉ ተቆጡት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እንቁላሉ ሄዶ ጨረሰ እኮ! አንተ ገና ቅርፊትህ ውስጥ ነህ።»

«ምን ላድርግ?»

«በአንተ ምክንያት ሥራዋን አጣች። ምን እንደምታደርግማ ታውቃለህ።»

በማግስቱ ቤቱን ከጺማሙ ጠይቆ በምሳ ሰዓት ወንድሟ ጋ ሄደ። ግቢው ውስጥ አሮጌ ጎማዎች ተደርድረዋል፤ ወንድምየው እግሩን ዘርግቶ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፍሬን በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋው።

«ያ አረንጓዴ ያመለጠው በእኔ ነው፣ ጋሼ» አለ ብቻ።

ወንድምየው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ያች በር ላይ ያለችው መኪና ያንተ ናት?»

«የላውንደሪው ናት።»

«ጉልበቴን ለሐኪም ማሳየት አለብኝ። ውሰደኝ፤ አነዳድህን ልየው።»

መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው አንዲት የለማጅ መኪና ነበረች። አረንጓዴ ሲበራ ሞተሯ ጠፋ። ለማጇ አስነሳች፤ ደግሞ ጠፋ። ከኋላ ጩኸቱ ጀመረ።

«ክላክስ አድርግ እንጂ!» አለ ወንድምየው።

«ይብስ ትደነግጣለች፣ ጋሼ።»

«አረንጓዴው ሊያልቅ ነው!» ወንድምየው ራሱ እጁን ወደ ክላክሱ ሰደደ። ፍሬን እጁን ያዘው።

«አይሆንም።»

ታላቁን «አይሆንም» ሲል በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር። እጁን ለቀቀው እንጂ ቃሉን አልመለሰም። መብራቱ ቀይ ሆነ። ጋቢናው ውስጥ ዝናብ ያዘለ ደመና ያለ መሰለ። ወንድምየው ጉልበቱን አሻሸ።

«ጉልበቴ እንዴት እንደተሰበረ ነግራሃለች?»

«አልነገረችኝም።»

«አንዱ አረንጓዴ ላይ ቆመብኝ። ልሰድበው ስወርድ የእጅ ፍሬን አልሳብኩም።» የእጅ ፍሬኑን በጣቱ ነካ አደረገ። «የራሴ መኪና ነው የገጨኝ።»

ፍሬን መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ አላወቀም። ወንድምየው ቀድሞ ሳቀ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

«እሷም ክላክስ ስነካ እጄን ትመታኝ ነበር» አለ።

«ታዲያ ቁልፉን ለምን ወሰዱባት?»

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ።»

«እኔን ይበሉ። በእነዚህ ወራት ሁሉ ቦቴው ላይ አንድ ጭረት አላየሁም። ጺማሙ ሰውዬ ግን በየቀኑ ዜብራ ላይ ነው የሚቆመው። አንድ ቀን ሰው ይገጭብዎታል።»

ወንድምየው ዞር ብሎ አየው። «ይኼን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?»

«ሌላም ነበር።» ፍሬን መሪውን ጨበጠ። «እህትዎን እወዳታለሁ።»

«ነግረሃታል?»

«ገና።»

«እና ለእኔ ነው የምትነግረኝ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ አንተ ዕቃውንም ገና አላነሳህም!»

ከሐኪም ሲመለሱ እህትየው ግቢው ውስጥ እጅጌዋን ሰብስባ ምንጣፍ ታጥባለች። ወንድምየው እያነከሰ በአጠገቧ አለፈ። «ከነገ ጀምሮ አንቺ ነሽ የምትነጂው» ብሎ ቤት ገባ።

ሳሙና የነካ ብሩሽ በእጇ እንደያዘች ፍሬንን አየችው። «ምን ብለኸው ነው?»

«እውነቱን።» ግቢው ውስጥ ሰከንድ የሚቆጥር ነገር አልነበረም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው። «እወድሻለሁ። ለሱ ነግሬዋለሁ፤ አንቺ ቀረሽ።»

አልሳቀችም። ብሩሹን አስቀመጠች።

«ወንድሜም ይወደኛል። ቁልፉን የወሰደብኝ ጠልቶኝ አይደለም። ነገ ብንጋባ፣ ሰው ቢያወራ፣ አንተም ትወስድብኛለህ?»

አልቸኮለም። እሷም ጠበቀችው።

«ሰው ሲያወራ እፈራለሁ» አለ በመጨረሻ። «አሁንም እየፈራሁ ነው። ስፈራ እነግርሻለሁ። ቁልፍሽን ግን አልነካም።»

«ይበቃኛል» አለችና እጇን ሰጠችው። እርጥብ ነበር።

በሦስተኛው ወር ተጋቡ። እሷ አሁን ረጅም መንገድ የሚሄድ ከባድ መኪና ትነዳለች፤ አንዳንዴ አራት ቀን ትቆያለች። ሰው ሲያወራ ፍሬን ሁለት ጊዜ ፈርቶ ሁለቱንም ጊዜ ነግሯታል። ሁለቱንም ጊዜ አጠገቡ ተቀምጣ እስኪጨርስ ሰማችው፤ ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ጠዋት ቁልፏን አንስታ ወጣች።