ያልተስማማችው ኖታ

«አሁንም እዚያው ቦታ ላይ ተበላሸ» አለ ዎቲየ ዝማሬውን በእጁ አስቁሞ። ድምፆቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ጆሮ ይሰቀጥጡ ነበር፤ ግጭቱ ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ከኮላር በቀር። ኮላር ደግሞ ዝም አለ።

ሁለቱም የካምብሬ ከተማ ካቴድራል ልጅ ዘማሪዎች ናቸው። በዚያ ክረምት የሁለቱም ድምፅ ጎረነነ። ድምፁ የጎረነነ ልጅ ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ ዘንድሮ ግን የዜማ ደራሲው መምህር ኤርኑል አንዱን ረዳታቸው አድርገው ሊያስቀሩ ፈለጉ። ለሁለቱም አንድ የቆየ ዜማ ሰጥተው፣ በላዩ ሁለት ድምፅ በየግላቸው እንዲደርሱበት አዘዙ።

የኮላርን አይተው «ደህና ነው» አሉ። የዎቲየን ግን አንብበው ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ያኔ ነው ኮላር መቅናት የጀመረው። እሱ እዚህ ያደገ፣ ዎቲየ ትናንት ከገጠር የመጣ የባለወፍጮ ልጅ! ለእመቤታችን ዕርገት የዎቲየ ይዘመራል ተባለ። ካህናቱ ከወደዱት ኮላር ተመልሶ ከበፍታ ሸማኔው አባቱ ጎን ሊቀመጥ ነው።

በዓሉ ነገ ነው፤ መምህሩም ታመው ስለተኙ ልጆቹን የሚያለማምደው ዎቲየ ራሱ ነው።

ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ ዎቲየ ቀረብ አለው። «ያንተ ጆሮ ይሻላል። ምኑ ጋ ነው ያጠፋሁት?»

«እኔ ምን አውቄ? የደረስከው አንተ።»

ዎቲየ አንገቱን ደፋ። እንግዲያው የራሱን እንደሚተወው፣ የኮላር እንዲዘመር መምህሩን እንደሚለምን ነገረው። «ያንተ ዜማ ጆሮ አያቆስልም» አለ፤ ሽሙጥ አልነበረበትም።

ኮላር ይህንን ነበር የተመኘው። ግን የራሱን ዜማ በልቡ ሊያንጎራጉር ሲሞክር የሚመጣለት የዎቲየ ሆነ። ሲጠላው ሰንብቶ ሳያውቀው በቃሉ ይዞታል። ዎቲየ በሩ ጋ ደርሷል።

«መካከለኛው ድምፅ» አለ ኮላር ወደ መሬት እያየ። «ከዜማው መዝጊያ በፊት ያለችውን ኖታ በግማሽ እርከን ዝቅ አድርጋት።»

ዎቲየ ለራሱ አዜመው። ቀና ብሎ አየው። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ጠዋት።»

ዎቲየ ወደ ዜማው ወረቀት ተመልሶ ኖታዋን አረማት። ኮላርን ይህ ከስድብ ይልቅ ከበደው።

«ልጆቹን ጥራቸው» አለ ኮላር፤ ቅናቱ አሁንም ሳይለቀው። «ወፍራሙን ድምፅ እኔ እይዛለሁ።»