ሳይሸፈን የሚቀር ጆሮ

አዳማጩ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በሬዲዮ መሣሪያው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ማዳመጫው ሁለቱንም ጆሮዎቹን ግጥም አድርጎ ሸፍኗል፤ ከጎኑ ግማሽ ስኒ ሻይ አለ። ከድንበር ማዶ ያሉ አማፅያን በሬዲዮ የሚነጋገሩትን ሃያ ዓመት ሲጠልፍ የኖረ ሰው ነበር።

«ልቡ ነው» አለ የቢሮው ኃላፊ። «ቶሎ ጨርሱልኝ፤ የስንቅ መኪኖቹ ስድስት ሰዓት ይነሳሉ።»

መርማሪዋ ስኒውን አሸተተችና ፊቷን አጨፈገገች። የሻይ ሽታ አልነበረም።

ባልደረባው የነበረችው ሴት ዓይኗ ቀልቷል። የፊተኛውን መኪና የሚነዳው ልጇ ነው።

«ጋሼ ጠዋት አንድ ነገር ሰምቶ ፊቱ ልውጥ አለ» አለች።

«ምን እንደሰማ አልነገረዎትም?»

«አስቸኳይ ወሬ ለኃላፊው በእጅ ነው የሚሰጠው፤ ለሌላ አይነገርም።»

«እኔ ዘንድ አልመጣም» አለ ኃላፊው። «እዚህ ክፍል ከገባሁም ወር አልፎኛል።»

ሴትዮዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማዳመጫውን ያደረገችው በአንድ ጆሮዋ ብቻ ነው።

«ግራውን ለምን ተዉት?»

«ስልክ ቢጮህ፣ ሰው ቢጠራኝ በምን ልስማ? ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ ያስተማረን ጋሼ ነው።»

መርማሪዋ ጥግ ላይ መሣሪያ ከሚፈታው የጥገና ሠራተኛ ጋር ጥቂት ተንሾካሽካ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ሻዩ ተመርዟል። ሰውየው ሲወድቅ ማዳመጫው ወለቀ። ገዳዩ ሥራ ላይ ሞተ እንዲባል መልሶ አጠለቀለት፤ ሁለቱንም ጆሮ ሸፍኖ። ባልደረባው እንዲህ አትሳሳትም። ጥገና ሠራተኛውም አዳማጮቹን ሲያይ ይውላል። የዚህን ክፍል ሥራ የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ኃላፊው ሳቀ። «ይሄ ማስረጃ ሆኖ ነው?»

«መሣሪያው የሰማውን ሁሉ እንደሚቀዳም አያውቁም።»

ጥገና ሠራተኛው ቴፑን ከፈተ። የባዕድ ቅላፄ ያለው ድምፅ ለአማፅያኑ «ስድስት ሰዓት፤ አሥራ ሁለት መኪና» አለ።

«የተቀዳው ሁለት ሰዓት ላይ ነው» አለች መርማሪዋ። «ሾፌሮቹ እንኳ ሰዓቱን የሰሙት ሦስት ሰዓት ነው። ቀድሞ የሚያውቀው የወሰነው ሰው ብቻ ነው፤ እርስዎ።»

ኃላፊው ትከሻውን ሰበቀ። «የባዕድ አማካሪዎቹ ለእኛም ለአማፅያኑም የጦር መሣሪያ ይሰጣሉ። እኔ የነገርኳቸው ሰዓቱንና ቁጥሩን ብቻ ነው።»

«ልጄ የሚያልፍበትን ሰዓት» አለች ሴትዮዋ።

መርማሪዋ ስልኩን አንስታ መኪኖቹን አስቆመች፤ ኃላፊውን በካቴና አስወጡት።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ሴትዮዋ አንድ ጆሮዋን ክፍት ትታ ታዳምጥ ነበር። ድንገት መርማሪዋን ጠርታ ድምፁን ከፍ አደረገችላት። ያው ባዕድ ነበር፤ እያላመጠ ይናገራል።

«የታሉ መኪኖቹ? ምሳዬን እዚሁ እየበላሁ እኮ ነው የምጠብቃቸው።»